ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ሰውዬ አባቴ አይደለም

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 8

ወጣ! ዛሬ ምሽት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ «ምረጡኝ እንጂ!» የመጀመሪያው ክፍል ለአገር ታየ። እኔ ኢንሳፍ በድሪ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ በመጽሔት ላይ የሰው ሰርግና የሰው ፍቺ ሳወራ የኖርኩት፣ ከዛሬ ጀምሮ የምርጫ ቀልድ ጸሐፊ ነኝ። ቤት ግን ማንም አያውቅም። ለአባ «ዜና ክፍል ነው፣ የሰው ጽሑፍ ነው የማርመው» ብዬዋለሁ። መጽሔቱን ለቅቄ ቴሌቪዥን ገብቼ ቀልድ ብጽፍስ ስለው ምን አለኝ? «ቀልድ ሥራ አይደለም። ቀልድ በእረፍት ሰዓት ነው።» ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው፣ ለሁሉም ነገር ክፍለ ጊዜ አለው።

ቀረጻው እዚሁ ጭሮ ነው። ዳይሬክተራችን ገብሬ ለአለቆቹ «የሕዝቡ የልብ ትርታ እዚያ ነው» ብሏቸዋል፤ እውነቱ ግን የአዲስ አበባ የስቱዲዮ ኪራይ ስለማይቻል ነው። ዜና አንባቢያችን ሦስት ጊዜ ስለተመረቀው ድልድይ አነበበች፦ ሪባኑ ተቆርጦ እየተሰፋ፣ ተቆርጦ እየተሰፋ፣ አሁን ከድልድዩ በርዝመት በልጧል። ከዚያ የእጩዎች ክርክር፤ ሦስቱም በሁሉም ነገር ስለተስማሙ አወያዩ «በአላህ፣ በማርያም፣ ትንሽ ተጣሉ» ብሎ ለመናቸው። መጨረሻ ላይ የኛ የግል እጩ አቶ ተስፋሙሉ የትምህርት ቤት ደወል መትቶ ገባ። ዘይኑዲን ነው የሚጫወተው፤ ዓምና ድረስ ባጃጅ ይነዳ ነበር፣ የተሳፋሪው ሁሉ አነጋገር በምላሱ ላይ አለ። አቶ ተስፋሙሉ ንግግር ከመጀመሩ በፊት የሕዝቡን ስም ይጠራል፤ «የቀራችሁ እጃችሁን አውጡ!» ይላል።

ከአባ የወሰድኩት ትንሽ ነገር ብቻ ነው። ስም ጥሪውን። የደረት ኪሱን ቀይ እስክሪብቶ። ደወሉን። «ገባችሁ?» ብሎ አንድ ሰው «አልገባንም» እስኪል መጠበቁን። አረማመዱን። ጃንጥላውን። ሌላው በሙሉ ፈጠራ ነው።

አባ እስከ መጨረሻው አየው። እኔ እሱን አየሁት።

«ይሄ ሰውዬ» አለ፣ «ስም መጥራቱ ጥሩ ነው።»

ነፍሴ ተመለሰች። እማ ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ይሁን ብርድ እንጃ።

«ማነው የሚጽፈው?» አለ አባ።

«ቡድን ነው። ብዙ ሰዎች ናቸው። አዲስ አበባ ያሉ።»

«ጎበዝ ቡድን ነው።» መነጽሩን አወለቀ፣ ተነፈሰበት፣ ጠረገው፣ ሳያደርገው ኪሱ ከተተው።

መነጽሩን ረስቼው ነበር! ለሦስተኛው ክፍል ይሆናል።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 10

ጎረቤታችን ሙስሊማ ዱቄት ልትበደር መጣች። ዱቄት ሞልቷታል።

«ሐሜት አይሁንብኝና፣ ያ የሐሙሱ ሰውዬ ቲቸር በድሪን አይመስልም?»

«ኧረ ምን በወጣው!»

«ወላሂ ቁርጥ እሱ። ሀኒፋ ከድሬዳዋ ደውላ ‹እማ፣ ቲቸር ቴሌቪዥን ገባ እንዴ?› አለችኝ።»

ሀኒፋ ልጇ ናት። አሁን ፋርማሲ አላት። ስምንተኛ ክፍል ከእኔ ጋር ነበረች፣ አስተማሪያችንም አባ ነበር። የዓመቱ መጨረሻ የሒሳብ ፈተና እሷ 88 አመጣች፣ እኔ 81። ለአንደኛ የሚሰጠውን መዝገበ ቃላት የተሸለመችው እሷ ናት። እኔ ወረቀቴን ይዤ ቤት ገባሁና ደመርኩት፦ 34፣ 27፣ 30። ዘጠና አንድ ነው። ሦስት ጊዜ ደመርኩ፣ ዘጠና አንድ። ለአባ ሳሳየው ወረቀቱን ሳይነካ «የአስተማሪ ቀይ እስክሪብቶ አይሳሳትም» አለኝ። አሥራ አምስት ዓመት ሆነው። ረስቼዋለሁ። ወረቀቱ በዚህ ደብተር የኋላ ሽፋን ውስጥ ያለው ሌላ ቦታ ስላጣሁለት ነው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 14

ያ አላህ። ያ አላህ። ያ አላህ።

የእጩዎች ዝርዝር ተለጠፈ። አራተኛው መስመር ላይ፦ በድሪ፣ የግል እጩ። ምልክት፦ ደወል።

ከባጃጅ ልወድቅ ነበር። ቤት ስገባ አባ ጃንጥላውን እያጠፈ ነው።

«አባ፣ ለምን አልነገርከንም?»

«ብወድቅ በዝምታ ልወድቅ ብዬ ነው።»

«ደወሉንስ ለምን መረጥክ?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት የሰማሁት ድምፅ ነው። ምን ልምረጥ? ግመል?»

ግመሉን የወሰደው ሙሐመድአሚን ነው፣ የጫት ነጋዴው። እኔ ጥር ላይ አቶ ተስፋሙሉን ስፈጥር፣ ለካ አባም በዚያው ሰሞን በጓሮ በር እየወጣ ይመዘገብ ነበር። አንድ ቤት፣ አንድ ማዕድ፣ ሁለት ምስጢር። እማ ሁለቱንም እንደማታውቅ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 15

ሁለተኛው ክፍል። ተቀርጾ አልቋል። ገብሬን ለመንኩት።

«ደወሉን እንቁረጠው።»

«ደወሉን? አገር የስልክ መጥሪያው አድርጎታል!»

«ሰውዬውን እንግደለው። ይታመም። ዱባይ ይሂድ።»

«ኢንሳፍ፣ የኔ እህት፣ ኮሜዲ ነው። አይዞሽ። አባትሽ እንደሆነ አልገባውም።»

አልገባውም። አዎ። ዛሬ አባ እያየ ሳቀ፣ ሁለት ጊዜ። ቆጥሬያለሁ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 23

የሙሐመድአሚን ፖስተር ከተማውን ሞልቶታል። «12 የውሃ ጉድጓድ ለቦርደዴ፣ 9 ለአሰቦት ቆላ፣ በድምሩ 23!» የሚል። አባ ከጁምዓ ሲመለስ አውቶቡስ መናኸሪያው ጋ ቆመ፣ ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ፣ 23ቱን ሰረዘና ጻፈበት፦ «21። እንደገና ይሠራ። 7/10።»

ባጃጆች ሁሉ ቆመው ጡሩንባ ነፉለት። አንዱ ጮኸ፦ «ቲቸር፣ ሦስቱን ነጥብ ለምን ሰጠኸው?»

«ለመሞከሩ ሰባት ሰጥቻለሁ፣ ሦስት ነው የቀነስኩት። አንተ ደግሞ መቀነስ መቼ ትማራለህ?»

እኔ ከኋላ ሆኜ ስቄ ልሞት። ከዚያ ሳቄ ቆመ፤ የሰው ድምር እንዲህ በየግድግዳው የሚያርም ሰው... ተይው። ረስቼዋለሁ ብያለሁ።

እሁድ፣ ግንቦት 2

ቦርደዴ ሄድን። የአባ የመጀመሪያ የምረጡኝ ስብሰባ። ለምን አብሬ እንደሄድኩ እንጃ። ውሃ ልይዝለት። ጃንጥላ ልይዝለት።

ሙቀቱ ከአስፋልቱ ይነሳል። ሽማግሌዎቹ ዱዓ አድርገው ከፈቱ። አባ ተነሳ፣ የታጠፈ ወረቀት አወጣ፣ ስም መጥራት ጀመረ። በዚህ ቆላ ሁሉ ያስተማራቸው ልጆች አሉ፤ ግማሹ «አለሁ!»፣ ግማሹ በኦሮምኛ «ጅራ!» ይላል፣ ሽበት ያለው ሰው ሁሉ እንደ ተማሪ ብድግ እያለ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ከዚያ ከኋላ ሳቁ ተነሳ። አንዲት የግመል ወተት ሻጭ ጆጓን አስቀምጣ እጇን አጨበጨበች፦

«ከቴሌቪዥኑ ሰውዬ ቀዳ! ወላሂ ቀዳው! ‹የቀራችሁ እጃችሁን አውጡ› በላ!»

አባቴ ራሱን ቀዳ ተባለ። መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። ግን መሬቱ ደረቅ ነው፣ የማይከፈት።

አባ ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀ። አላመመውም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የስምንተኛ ክፍል ሳቅ የጠበቀ ሰው ነው። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጠ።

«ጥሩ። ሌላ ስም አለኝ። ውሃ!»

ዝም።

«ውሃ!... ቀሪ። መብራት!»

«ቀሪ!» አለ አንዱ።

«ሐኪም!»

«ቀሪ!» አለ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ።

«ውሃ አመጣለሁ አልላችሁም፣ ውሃ ኪሴ ውስጥ የለም። ግን ብትመርጡኝ ምክር ቤት ሄጄ በየቀኑ ይህን ስም እጠራለሁ። ‹አለሁ› እስኪሉ ድረስ። ስም ስጠራ እንደማልታክት እናንተ ታውቃላችሁ።»

ወተት ሻጯ ጆጓን ከፍታ በቆርቆሮ ኩባያ ቀዳችለት።

በሚኒባሱ ስንመለስ አባ ጠየቀኝ። «መጀመሪያ ላይ ያሳቃቸው ምን ነበር?»

«ሙቀቱ ነው አባ።»

«ይሆናል» አለ። ቀጥሎ ጭሮ እስክንገባ ድረስ በመስኮት አየ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

«ውሃ፣ ቀሪ» የሚለውን ለሐሙሱ ክፍል ሰጠሁት። ገብሬ ከወንበሩ ተነሳ። እኔ ሌባ ነኝ። ግን እንዴት ያለ ነገር ነው!

አንድ የሚገርም ነገር ደግሞ አለ። አባ ማታ ማታ ንግግር ይለማመዳል። ሳሎን፣ ልክ እኔ ደብተር ከፍቼ በተቀመጥኩበት ፊት ለፊት። እና ሲናገር ልክ እንደ ቃል ጽሕፈት ነው፦ «መንገዱ በካርታው ላይ አለ... ነጠላ ሰረዝ... መንገደኛው ግን ካርታው ላይ አይሄድም... አራት ነጥብ።» ከዚያ ዝም ብሎ ይጠብቃል። እኔ ጽፌ ስጨርስ ይቀጥላል። የዕድል ጉዳይ ነው እንጂ፣ የትኛው ጸሐፊ እንዲህ ቀስ ብሎ የሚናገርለት ሰው ያገኛል?

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8

ዘይኑዲን ዛሬም ቤት መጣ። የአባን አረማመድ ሊያጠና ነው፤ ለቤት «የሥራ ባልደረባዬ ነው» ብያለሁ፣ ያለ ተለጣፊ ሽበቱ ማን ያውቀዋል? ረቡዕም መጥቶ ነበር። ሰኞም። እማ ሦስት ጊዜ አበላችው። ሲሄድ በር ድረስ ሸኘሁት፣ ስለ ጽሑፍ ልናወራ፤ ስለ ሌላ ነገር አወራን፣ ምን እንደነበር አላስታውስም።

ስመለስ አባ ከጋዜጣው ቀና ሳይል፦ «ያ ልጅ አረማመዴን አጥንቶ ጨርሷል። አሁን የሚመጣው ምን ሊያጠና ነው?»

አረማመዱን ያጠና እንደነበር ማን ነገረው? እማ ትሆናለች። እማንስ ማን ነገራት?

ሰኞ፣ ግንቦት 10፣ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት

የሐሙሱ መጨረሻ ትዕይንት አልመጣ አለኝ። ገብሬ «አቶ ተስፋሙሉ በሆነ ነገር ይሸነፍ፣ ሁልጊዜ አሸናፊ እጩ አያስቅም» አለኝ። ሞከርኩ። ፍየል አሸነፈችው፤ አላስቀኝም። ንፋስ ጃንጥላውን ወሰደበት፤ አሮጌ ቀልድ ነው።

ከዚያ እጄ ራሱ ጻፈ። አቶ ተስፋሙሉ መድረክ ላይ የጉድጓዶቹን ቁጥር እየደመረ ሳለ በመሀል ይቆማል። «ይቅርታ» ይላል። «አንድ ጊዜ ደምሬ ተሳስቻለሁ። ልጄ ነግራኝ ነበር። አስተማሪ አይሳሳትም አልኳት። ልጄ ሆይ፣ የት እንዳለሽ አላውቅም፣ ሁለተኛ አልነበርሽም፣ አንደኛ ነበርሽ።» ከዚያ ደወሉን ሊመታ ይሄድና ይተወዋል።

አንዲት ቀልድ የለበትም። ለገብሬ አልሰጠውም ብዬ ሰጠሁት። ዓይኔን ያቃጠለኝ ጉንፋን ነው፤ ሰሞኑን ከተማው ሁሉ ጉንፋን ይዞታል።

ሐሙስ፣ ግንቦት 13

ታየ። ዘይኑዲን አሳበደው፤ ስቱዲዮ ውስጥ መብራት የሚይዘው ሰውዬ እንኳ አለቀሰ። ቤት ውስጥ ግን አባ «ልጄ ሆይ» የሚለው ላይ ተነሳ። «ደጁ ተቆልፏል?» ብሎ ወጣ። ደጁ ተቆልፎ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተቆልፎ ነበር።

«ምን ሆነ?» አልኩ።

«ምንም አልሆነም» አለች እማ። «ሒሳብ እየሠራ ነው።»

የአረፋ ማግስት

አንዳንድ ነገር እኛ አገር ብቻ ነው የሚሆነው። ትናንት ለዒድ ሙሐመድአሚን መጣ፣ የአባ ተቀናቃኝ፣ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ፣ የበግ ሽንጥ ይዞ። እሱም የአባ ተማሪ ነበር። እኛ ሐረርጌዎች «አንቱ» ምላሳችን ላይ አይቆይም፤ እሱ ግን የአባን እጅ ስሞ፣ ተቀምጦ፣ ሩዝ በልቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ሲነሳ እንዲህ አለ፦

«ቲቸር፣ ዒድ ሙባረክ። ነገ ልከስህ ነው።»

«ኢንሻአላህ» አለ አባ። «በምን?»

«በአየር ሰዓት። ለእያንዳንዱ እጩ አሥር ደቂቃ ነው የተሰጠው። አንተ በየሐሙሱ ሃያ አምስት ደቂቃ አለህ። ስድስት ሐሙስ ስንት ይሆናል?»

«መቶ ሃምሳ።»

«እኔም መቶ ሃምሳ ነው ያመጣሁት።»

«ጥሩ ደምረሃል» አለው አባ፣ እና በር ድረስ ሸኘው።

እኔ ግድግዳውን ይዤ ቆሜያለሁ። ሰው ሁሉ አባቴን አዋረድሽው ይለኛል ብዬ ስፈራ፣ ለካ ክሱ አሞገስሽው ነው! የክሱ ደብዳቤ ዛሬ ደረሰ። ገብሬ ወደ አዲስ አበባ ደውሎ ሲመለስ ፊቱ ዐመድ ሆኗል። ሰውዬው አባ መሆኑ ከተረጋገጠ ፕሮግራሙ በዚያው ቀን ይቆማል፣ ጸሐፊዋም ትሰናበታለች፣ የእጩውም የአየር ሰዓት ይሰረዛል። የምርጫ ቅሬታ ሰሚዎቹ አባን ራሱን አስምለው ይጠይቁታል፦ ይህ ሰው አንተ ነህ?

አባ በሕይወቱ አልዋሸም። የእማን እናት ወጥ «ጨው በዝቶበታል» ያለ ሰው ነው፣ በሰርጉ ዕለት።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 2

ቅሬታው የሚሰማው ነገ ነው። ለአባ ልነግረው ሦስት ጊዜ ተነሳሁ። አንዴ እየሰገደ ነበር። አንዴ እየበላ። አንዴ ባዶ እጁን ተቀምጦ ነበር፣ ያን ጊዜ ደግሞ ውሃ ጠማኝ።

ዘይኑዲን፦ «እኔ እለቃለሁ፣ ሌላ ሰው ይጫወተው።» «አረማመዱስ?» አልኩት። «ለአረማመዱ መምጣት አላቋርጥም።»

እንቅልፍ የለም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 3

ሁሉንም ልጻፈው፣ እንዳይጠፋኝ።

አዳራሹ ጢም ብሏል፤ ግማሹ የአባ ተማሪ ነው፣ ግማሹ የተማሪው ልጅ። መሀል ላይ ሰብሳቢዋ ወይዘሮ አይናዲስ፣ መነጽር ያደረጉ ቁጡ ሴት፤ ግራና ቀኛቸው ሁለት ሽማግሌዎች። ሙሐመድአሚን ዝርዝር ይዞ ተነሳ። አንድ፣ ስም ጥሪ። ሁለት፣ ቀይ እስክሪብቶ። ሦስት፣ ደወል። አራት፣ እጩው እሁድ ቦርደዴ ላይ «ውሃ፣ ቀሪ» አለ፣ ቴሌቪዥኑ ሐሙስ ደገመው። አምስት...

ወደ እኔ ዞረ። ሲዞር ፊቱ አዘነ፣ እውነቴን ነው።

«አምስት፣ የሚጽፈው ማን እንደሆነ መጨረሻ ላይ በትንንሽ ፊደል ያልፋል። ስልኬ ላይ አስቁሜ አነበብኩት። ኢንሳፍ በድሪ። ልጁ ናት።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ሙስሊማ ከኋላ «ሐሜት አይሁንብኝና፣ ብዬ ነበር!» ስትል ሰማኋት። እኔ አባን ማየት አልቻልኩም። የጫማውን ጫፍ አየሁ። ተወልውሏል።

«ቲቸር» አሉ ወይዘሮ አይናዲስ፣ «ልጅዎ እንደምትጽፈው ያውቁ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ሐሙስ ጀምሮ።»

ቀና አልኩ።

«የልጄን ደብተር አሥር ዓመት አርሜያለሁ። የሷን ዓረፍተ ነገር ጨለማ ውስጥ አውቀዋለሁ። ‹ቡድን ነው› አለችኝ። ዝም አልኩ። አንዳንድ ቀን ቀስ ብዬ እናገርላት ነበር፣ እንዲደርሳት።»

ነጠላ ሰረዝ። አራት ነጥብ። አላህ ሆይ፣ እኔ ምን ዓይነት ደንቆሮ ነኝ!

«እንግዲያስ በሃይማኖትዎ ምለው ይመልሱ። ቴሌቪዥኑ ላይ ያለው ሰው እርስዎ ነዎት?»

አባ ማለ። መነጽሩን አወለቀ፣ ተነፈሰበት፣ ጠረገው፣ ኪሱ ከተተው። ሰው ሳቀ። ገብሬ ዓይኑን ጨፈነ።

«ከመመለሴ በፊት አንድ ጥያቄ ይፈቀድልኝ። ሙሐመድአሚን!»

«አለሁ ቲቸር!» ብሎ ብድግ አለ፤ ከሳሹ! አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ስምንተኛ ክፍልን ስንት ዓመት አስተማርኩህ?»

«ሁለት። ደግሜ ነው።»

«በሁለቱ ዓመት ውስጥ ‹ተሳስቻለሁ› ስል ሰምተኸኝ ታውቃለህ?»

«አንተ? ኧረ በጭራሽ።»

«የፈተና ወረቀት ይዞ መጥቶ ግማሽ ነጥብ ያስቀየረኝ ሰው እዚህ አዳራሽ ውስጥ አለ? ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።»

አንድም እጅ የለም። ከጥግ አንዱ፦ «ቲቸር፣ እኔ በዘጠና አንድ ዓመተ ምህረት የያዝኩት ቅሬታ እስካሁን አለኝ!»

«እንግዲህ ስሙ» አለ አባ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያ ሰውዬ እንደኔ ይራመዳል። እንደኔ ስም ይጠራል። ግን ባለፈው አገር ፊት ቆሞ ‹ደምሬ ተሳስቻለሁ› አለ። ልጁን ይቅርታ ጠየቀ። እኔ ይህን አድርጌ አላውቅም። ስድሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ አላደረግኩትም። ስለዚህ ምያለሁ፣ እውነቱን እናገራለሁ፦ ሰውዬው እኔ አይደለሁም። እሱ ከኔ ይሻላል።»

 ወይዘሮ አይናዲስም መነጽራቸውን አወለቁና ጠረጉ፤ ቶሎ መልሰው አደረጉት ግን። ሦስቱ ተንሾካሾኩ። ውሳኔው፦ መመሳሰል አለ፣ አንድ ሰው ግን አይደሉም፤ ፕሮግራሙ ይቀጥል፣ ምርጫው እስኪያልቅ ደወል ግን እንዳይመታ።

ሙሐመድአሚን አባን አቀፈው። «ቲቸር፣ እንደዚህ ደስ ብሎኝ ተሸንፌ አላውቅም። እሁድ ድምፅ ሲሰጥ ግን እንዳይደገም።»

ገብሬ እኔን አቀፈኝ። ዘይኑዲን አላቀፈኝም፣ ሰው ነበረ። ከአባ ጋር በባጃጅ ተመለስን። ቤታችን በር ላይ አባ፦

«‹ካርታው ላይ አይሄድም› የሚለውን ለምን ቆረጥሽው? ጥሩ ነበር።»

«ሰዓት አልበቃንም አባ።»

«እ...» አለ።

የጥሞናው ሁለተኛ ቀን

ምረጡኝ ማለት ክልክል ነው። ከተማው ጸጥ ብሏል፣ ፖስተሮቹ ብቻ ያወራሉ። አባ ሕግ አክባሪ ስለሆነ ጨርሶ ማውራት አቁሟል፤ ጨው ሲፈልግ በጣቱ ያሳያል።

ከእራት በኋላ መጣና እጁን ዘረጋ። «ወረቀቱን።»

የትኛውን ወረቀት አላልኩም። የዚህን ደብተር የኋላ ሽፋን ከፍቼ አወጣሁት። ይህን ያህል ዓመት መጠበቄን ያወቀ አይመስለኝም ነበር። መነጽሩን አወጣ፤ ዛሬ ግን አደረገው። ጮክ ብሎ ደመረ። «ሠላሳ አራት... ሃያ ሰባት... ስድሳ አንድ። ስድሳ አንድና ሠላሳ...» ቆመ። እንደገና ከላይ ጀመረ። ሦስት ጊዜ። ሦስተኛው ላይ ድምፁ ትንሽ ሻከረ፤ ጉንፋኑ እሱንም ይዞታል።

ቀይ እስክሪብቶውን አወጣ፣ 81ን ሰረዘ፣ 91 ጻፈ። ከሥሩ፦ «ተሳስቻለሁ። በድሪ።» ፈረመና ቀን ጻፈበት። ከዚያ ትንሽ አሰበና ጨመረ፦ «ቀልድ ሥራ ነው።»

ወረቀቱን ዘይኑዲን አይቶታል። እዚያው ተቀምጦ ነበር፤ አረማመድ ሊያጠና።

እሁድ፣ ድምፅ የተሰጠ ዕለት

ጠዋት ሄድን፣ ተሰለፍን፣ ጣታችን ተቀባ። አባ ሰልፉን በዓይኑ እየቆጠረ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፣ ስም እንዳይጠራ እማ ክርኑን ይዛዋለች። ውጤቱ ገና ነው። ሙሐመድአሚን ያሸንፋል ይላሉ፤ አባ «ጉድጓዶቹን እኔ እቆጥርለታለሁ» ብሏል።

ከሰዓት በኋላ ሙስሊማ መጣች። ዱቄት አልፈለገችም። በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዛለች።

«ሐሜት አይሁንብኝና» አለች ለእማ፣ «ባልሽ ጠዋት ከሰልፉ በፊት ደጄ መጥቶ ነበር። ጃንጥላውን ይዞ። ‹ሙስሊማ፣ ደምሬ ተሳስቻለሁ፣ አንቺንም ልጅሽንም ይቅርታ› አለኝ። ቡናዬን ደፋሁ! ለሀኒፋ ደወልኩ፣ ‹መልሺላት፣ እኔ እንኳ አንድ ቀን ገልጬው አላውቅም› አለች።»

መዝገበ ቃላቱ ነው። ሽፋኑ እንደ አዲስ ነው። እኔ አቅፌው ቆምኩ። ዘይኑዲን ገጾቹን እያሸተተ፣ አባ ምንም እንዳልሆነ ሰው መነጽሩን እየጠረገ።

እማ ግን ተነሳችና የውጭውን በር ዘጋች። መስኮቱንም።

«ምነው?» አለች ሙስሊማ።

«ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀ እኮ! አሁን ቁርጥ የቴሌቪዥኑን ሰውዬ ሆኗል» አለች እማ። «ሙሐመድአሚን ከሰማ ነገ ክሱን ይከፍተዋል።»